በፖሊስ ፊት እኩል መሆን የባዕድ አጀንዳ ነውን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ሲነበብና ሲያከራክር የሰነበተው ጽሑፍ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። በፖሊስ ሥራና በወንጀል ፍትሕ ውስጥ የዘር መድልዎ አለ የሚለው ክርክር ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የተቀዳ ነው፤ ጥቁርና ነጭ በሌለበት አገር ቦታ የለውም። እዚያም ቢሆን ጥቁሮች በብዛት የሚያዙት ወንጀሉ በእነርሱ ሰፈር ስለሚበዛ እንጂ ፖሊሱ ስለሚጠላቸው አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ሁሉን በእኩል ዓይን ያያል፤ የፖሊስ አባላቱም ከየብሔሩ የተውጣጡ ናቸው። ከዚህ አልፎ በየመንገዱ የሚፈተሸው ሰው ማንነት ይመዝገብ ማለት የዘርን ቁጥር ወደ ፖሊስ ጣቢያ ማስገባት ነው፤ አሜሪካኖች የሞከሩት ማሻሻያም ወንጀልን ከማብዛት በቀር ያስገኘው ፍሬ የለም። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ሕጉን የማያውቁ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ምላሹ ነጥብ በነጥብ መሆን ይገባዋል፤ ከነጥቦቻቸው አንዱንም፣ እርሳቸው ባሰቡት መንገድ ባይሆን እንኳ፣ እቀበለዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ስለ ወንጀል ብዛት ያነሡት ክርክር ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ፖሊስ የሚሄደው ወንጀል ወዳለበት ነው፤ ስለዚህ ከአንድ ወገን ብዙ ሰው መያዙ ብቻውን መድልዎን አያስረዳም ይላሉ። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው። የተያዙትን ሰዎች ቁጥር ከሕዝብ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ጥርጣሬን ያስነሣል እንጂ ነገሩን አይቋጭም። ነገር ግን ወደ መቋጫው የሚያቀርብ ሌላ መለኪያ አለ፤ ጸሐፊው በአጠገቡ አልፈውት ሄደዋል። እርሱም ፍተሻው ምን አስገኘ የሚለው ነው። ፖሊስ የሚመራው በማስረጃ ብቻ ከሆነ፣ ከየትኛውም ወገን የመጣ ሰው ሲፈተሽ ሕገ ወጥ ነገር የሚገኝበት መጠን ተቀራራቢ መሆን አለበት። ከአንዱ ወገን ብዙ ሰው ተፈትሾ የሚገኘው ጥቂት ሲሆን፣ ከሌላው ወገን ጥቂት ሰው ተፈትሾ የሚገኘው ብዙ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በተራ ጥርጣሬ፣ ሁለተኛው ግን በጠንካራ ጥርጣሬ ብቻ እየተያዘ ነው ማለት ነው።

የኒው ዮርክን ከተማ እንውሰድ። በከተማዋ ፖሊስ ላይ የቀረበውን ክስ የመረመሩት የፌደራል ዳኛ ሺራ ሻይንድሊን እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጡት ፍርድ እንደዘረዘሩት፣ ከጃንዋሪ 2004 እስከ ጁን 2012 ባለው ጊዜ ውስጥ ፖሊስ 4.4 ሚሊዮን ጊዜ ሰዎችን አስቁሟል። ከእነዚህ ውስጥ 52 በመቶው ጥቁሮች፣ 31 በመቶው ከላቲን አሜሪካ የዘር ሐረግ የሚመዘዙ፣ 10 በመቶው ነጮች ነበሩ፤ ከከተማዋ ነዋሪ የጥቁሮች ድርሻ ግን 23 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። የጸሐፊው ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል፤ የፍርዱ ሐተታ ግን ይቀጥላል። እንዲቆሙ ከተደረጉት ጥቁሮች የጦር መሣሪያ የተያዘባቸው 1 በመቶ ሲሆኑ ከነጮቹ 1.4 በመቶ ነበሩ፤ ሌላ ሕገ ወጥ ነገር ደግሞ ከጥቁሮቹ በ1.8፣ ከነጮቹ በ2.3 በመቶ ላይ ተገኝቷል። ፖሊስ ካስቆማቸው 88 በመቶ የሚሆኑት ሳይታሰሩም መጥሪያ ሳይሰጣቸውም ተሰናብተዋል። ወንጀሉ ወዳለበት መሄድ ማለት ይህ ከሆነ፣ ፖሊሱ መንገድ ስቷል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በሚዙሪ ግዛት ስለምትገኘው ስለ ፈርጉሰን ከተማ ያወጣው የምርመራ ሪፖርትም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ከነዋሪዎቿ 67 በመቶው ጥቁሮች በሆኑባት በዚያች ከተማ፣ ፖሊስ ካስቆማቸው አሽከርካሪዎች 85 በመቶው፣ ከታሰሩት ደግሞ 93 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ። ጥቁር አሽከርካሪ ከቆመ በኋላ የመፈተሽ ዕድሉ ከነጩ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሕገ ወጥ ነገር የሚገኝበት ግን ከነጩ 26 በመቶ ባነሰ መጠን ነበር። ሪፖርቱ ከዚህ አልፎ ምክንያቱንም ቆፍሮ አውጥቷል፤ የከተማዋ አስተዳደር የቅጣት ገንዘብን የበጀት ምንጭ አድርጎ ስለያዘው፣ ፖሊሶቹ ይመዘኑ የነበረው በሚጽፉት የቅጣት ወረቀት ብዛት ነበር። ወረቀቱ የሚበዛው ደግሞ ጠበቃ ማቆም በማይችለው፣ ጊዜው ሲያልፍበት በቅጣት ላይ ቅጣት በሚጨመርበት ድሃ ላይ ነው። ጸሐፊው ፖሊሱ ይጠላል ወይስ አይጠላም የሚለውን ጥያቄ ሲከተሉ የጠፋባቸው ይህ ይመስለኛል። የጥላቻ ጥያቄ ለአንድ ተከሳሽ ፖሊስ ጉዳይ ይጠቅማል፤ የአንድን ከተማ ፖሊስ አሠራር ለመመዘን ግን ትእዛዙ እንዴት እንደሚወርድና ሥራው በምን እንደሚለካ መጠየቅ ይሻላል።

በአዲስ አበባ ይህን መለኪያ እንጠቀም ብንል አንችልም። በመርካቶ፣ በፒያሳ ወይም በለገሃር በኩል የሚያልፍ ወጣት መታወቂያ አውጣ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኪሱና ቦርሳው ሲበረበር፣ ከዚያም ሂድ ሲባል፣ ይህ ሁሉ የተፈጸመ ስለመሆኑ የጽሑፍ ዱካ አይኖርም። አፈሳ ሲካሄድም እንዲሁ ነው፤ ማታ በፒክአፕ ተጭነው ጣቢያ ያደሩ ልጆች ጠዋት ሲለቀቁ፣ ስንት ነበሩ፣ በምን ተጠረጠሩ፣ ከስንቶቹ ላይ ምን ተገኘ ለሚለው መልስ የሚሰጥ ሰነድ ማግኘት አይቻልም። ጸሐፊው በከተማችን ፖሊስ ዘንድ መድልዎ የለም ሲሉ የተመረኮዙት በምን ላይ እንደሆነ ደጋግሜ ፈልጌ ያገኘሁት ቁጥር አለመኖሩን ብቻ ነው። ሚዛን በሌለበት ሱቅ ዕቃው አልጎደለም ብሎ መማል ይህን ይመስላል።

ወደ መጀመሪያው ነጥባቸው ልመለስ። ጉዳዩ የባዕዳን ነው የሚለው አባባል በዚህች ከተማ መነገሩ በራሱ ያስገርማል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተ በዓመቱ፣ በሐምሌ 1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች በአሜሪካ ስላለው የዘር መድልዎ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቀው ነበር። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተማ ከተገደለ ከቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2020፣ በጊዜው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር የነበሩት ሙሳ ፋኪ ማሐማት ግድያውን ሲያወግዙ ይህንኑ የካይሮ ውሳኔ አስታውሰዋል። ኅብረቱ ዛሬ ያለበት ሕንፃ የቆመው «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው እስር ቤት ቦታ ላይ ነውና፣ ለልደታና ለሜክሲኮ አካባቢ ሰው የእስር ነገር ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ሆኖ አያውቅም።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው፣ ብዙዎቹም በአዲስ አበባ በኩል አልፈው እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ልጆች በፖሊስ እጅ የደረሰባቸውን ማንሳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የሠራዊቱን የደንብ ልብስ የለበሰ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ታላላቅ ሰልፎች ተደረጉ። በማግሥቱ ዓመት የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ዳይሬክተር ኤሚ ፓልሞር የመሩት የመንግሥት ኮሚቴ፣ በፖሊስና በሌሎች ተቋማት ውስጥ በቤተ እስራኤላውያን ላይ መድልዎ መኖሩን አምኖ የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሰለሞን ተካ የተባለው ወጣት በሃይፋ አጠገብ ከሥራ ሰዓት ውጭ በነበረ ፖሊስ ተተኩሶበት ሞተ፤ አገሪቱም ለቀናት ታወከች። የእነዚህ ልጆች አጎቶችና አክስቶች በጎንደርም በአዲስ አበባም አሉ። ሐዘኑ እዚህ የተቀመጠበትን ጉዳይ የባዕድ ነው ማለት ይከብዳል።

ሕጉም ቢሆን ጸሐፊውን አያግዛቸውም። ማናቸውንም የዘር መድልዎ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ኢትዮጵያ የተቀበለችው በ1968 ዓ.ም. ነው። ስምምነቱ በመጀመሪያው አንቀጽ የዘር መድልዎን ሲተረጉም በቆዳ ቀለም አይወስነውም፤ ትውልድን፣ የመጡበትን አገርና የብሔር ማንነትን ጭምር ይጨምራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ስለሌለ ጉዳዩ የለም የሚለው ክርክር በራሳችን ሕግ የተዘጋ ነው። የቆዳ ቀለም የለም የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። ከጋምቤላ ለትምህርት ወይም ለሥራ አዲስ አበባ የመጣ ኢትዮጵያዊ ወጣት ከመታወቂያው በፊት በመልኩ የውጭ አገር ሰው ተደርጎ እንደሚጠየቅ የማያውቅ የከተማችን ነዋሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

የብሔር ማንነትን በተመለከተ ደግሞ የሕዝብ መዝገብ አለን። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በአዲስ አበባ ሰዎች በብዛት ሲያዙ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስሩ የብሔር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል በመግለጫው አስታውቋል፤ በጊዜው የተያዙት አብዛኞቹ የትግራይ ተወላጆች ነበሩ። ፖሊስ በበኩሉ የተያዙት በማንነታቸው ሳይሆን በተግባራቸው ነው ብሎ አስተባብሏል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት፣ ያው ኮሚሽን በከተማዋ የአማራ ተወላጆች በስፋት መታሰራቸውን ገልጿል። ኮሚሽኑ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም እንጂ የባዕድ ድርጅት አይደለም። በሁለቱ ጊዜያት የተያዘው ወገን የተለያየ መሆኑንም አንባቢ ያስተውል፤ ዛሬ ጉዳዩ አይመለከተኝም የሚል ሰው በሚቀጥለው አዋጅ የትኛው ወገን ላይ እንደሚሆን አያውቅም። ፀጉረ ልውጥ ስታዩ ጠቁሙ የሚል ጥሪ በሚተላለፍበት ከተማ፣ ተጠርጣሪ የሚያደርገው ድርጊት መሆኑ ይቀርና መልክ፣ አነጋገርና አድራሻ ይሆናል።

ሕጋችን ሁሉን በእኩል ያያል የሚለው ክርክራቸው ከሁሉ የሰፋው ስለሆነ እኔም በእርሱ ላይ ልቆይ። የተጠቀሱት አንቀጾች በሙሉ አሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 4ም ሕጉ በሁሉም ላይ ያለ ልዩነት ይፈጸማል ይላል። ነገር ግን ማንንም በስም ያልጠራ ሕግ የሚያርፈው በአንድ ወገን ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣችው የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ፣ ክራክ በሚባለው የኮኬይን ዓይነት 5 ግራም የተያዘበት ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰር ነበር፤ በዱቄቱ ኮኬይን ግን ይኸው ቅጣት የሚመጣው 500 ግራም ሲሞላ ነው። በሕጉ ውስጥ ጥቁር የሚል ቃል የለም። በክራክ የተፈረደባቸው ግን እጅግ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት መቶ ለአንድ የነበረውን ልዩነት ወደ አሥራ ስምንት ለአንድ ዝቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ ይኸውም ከ24 ዓመት በኋላ።

ወደ እኛ ስንመጣ አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣውን አዋጅ ቁጥር 384/1996ን ማንበብ ይጠቅማል። አዋጁ አካሉ ጤናማ ሆኖ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለውንና ከተዘረዘሩት ድርጊቶች በአንዱ የተጠረጠረን ሰው ይመለከታል፤ ተጠርጣሪው በዋስ እንዳይለቀቅም ይከለክላል። ብሔር አይጠራም፤ ቀለም አይጠራም። ይሁን እንጂ በመሐል አዲስ አበባ የታወቀ መተዳደሪያውን በወረቀት ማሳየት የማይችለው ማነው? ከጋሞ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከሀዲያና ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥቶ ጫማ የሚጠርገው፣ ሎተሪና ሶፍት የሚያዞረው፣ ጠዋት በቀን ሥራ ተራ የሚቆመው ወጣት ነው። ደንብ አስከባሪ ሲያሳድደው የሚሮጠውም እርሱ ነው፤ መሮጡ ደግሞ በራሱ ጥርጣሬ ይሆንበታል።

የእኩልነቱ ነገር ይበልጥ የሚታየው ግን በዋስትና ላይ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 28 ቀላል በሆነ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ፖሊስ ራሱ በዋስ ወረቀት መልቀቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና በመርሕ ደረጃ የዋስ መብት እንዲኖረው ያዛል። ጥብቅና ከጀመርሁ ወዲህ በችሎት ስከታተል የኖርሁት ግን በእነዚህ አንቀጾችና በእስረኛው መካከል አንድ የማይጻፍ ሁኔታ መኖሩን ነው፤ የአዲስ አበባ መታወቂያ ይዞ የሚቆም ዋስ ማምጣት አለበት። በአንድ ጸብ የተያዙ ሁለት ልጆችን እናስብ። አንዱ ሰፈሩ ያወቀው ስለሆነ አጎቱ ወይም የእድሩ ዳኛ መጥቶ በመታወቂያ ዋስ ከሰዓት በኋላ ይወጣል። ሌላው ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በጋራ በተከራየው ክፍል የሚያድር፣ የክፍለ ሀገር መታወቂያ የያዘ፣ ዘመዶቹም ሩቅ ያሉ ስለሆነ ጣቢያ ያድራል፤ ከዚያም መርማሪው ቋሚ አድራሻ ስለሌለው ቢለቀቅ ይጠፋል ብሎ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቅበታል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ግን አንቀጹ ገደብ አላበጀም። በዚህ ሒደት ውስጥ ማንም ማንንም አልጠላም፣ ማንም ሕግ አልጣሰም፤ ሆኖም ዞሮ ዞሮ ውስጥ የሚቀረው ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ ብዙ ጊዜም አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታው ልጅ ነው።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። የዘር መድልዎን ለማስወገድ የተደረገውን ስምምነት አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ወንጀል ፍትሕ ባወጣው አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 31፣ ተከሳሾች ከፍርድ በፊት በነጻ ለመቆየት የሚጠየቋቸው ቋሚ አድራሻ፣ የታወቀ ሥራና የተረጋጋ የቤተሰብ ትስስር፣ ከተገፋ ወገን መሆናቸው ያስከተለባቸውን ያልተረጋጋ ኑሮ ከግምት አስገብቶ መመዘን እንዳለበት ይናገራል። በመሐል ከተማ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ የዶሮ ማነቂያና የአካባቢው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳርቻዎች ሄዷል። የልማቱ ጥቅምና ጉዳት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን እድሩ ሲበተን ዋስ የሚሆነውም ሰው አብሮ ተበትኗል፤ ትናንት በአንድ ጥሪ ጣቢያ ይደርስ የነበረው ጎረቤት ዛሬ ከከተማዋ ሌላ ጫፍ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። ለጥቂት ቀናት እንኳ ውስጥ መቆየት ምን እንደሚያስከትል የቀን ሠራተኛን መጠየቅ በቂ ነው፤ ሥራውም፣ ክፍሉም፣ በክፍሉ የተወው ልብስም አይጠብቀውም።

ቋንቋም ያው ነው። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ተከሳሽም ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ደንግጓል። በችሎት ይህ በአብዛኛው ይከበራል፤ ለዳኞቻችን ምስጋና ይግባቸው። የነገሩ ዕጣ የሚወሰነው ግን ከችሎቱ በፊት፣ መርማሪው ቃል በሚቀበልበት ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል ያለው አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሌላ እስረኛ ወይም ቋንቋውን የሚሰማ ሌላ ፖሊስ ነው። የተከላካይ ጠበቃም አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው። ስለዚህ አማርኛ በደንብ የማይናገር ሰው አልገባኝም ማለትን የሚማረው፣ አምኗል ተብሎ የተጻፈው ቃሉ በችሎት ሲነበብበት ነው።

አሁን ወደምቀበለው ነጥብ ደረስሁ። ጸሐፊው የተፈታሾችን ብሔር መመዝገብ አደጋ አለው ይላሉ፤ አደጋ እንዳለው እኔም እስማማለሁ። ለብዙ ዓመታት የቀበሌ መታወቂያችን ብሔር የሚል መስመር ነበረው፤ በኬላ ላይ ያንን መስመር ማን እንዳነበበውና ምን እንደተደረገ የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። መስመሩ ከአዲሱ የከተማዋ መታወቂያ መውጣቱ፣ ፋይዳም ብሔርን አለመጠየቁ መልካም ነው፤ በጓሮ በር በፖሊስ ቅጽ ተመልሶ እንዲገባ አልሻም። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ምንም አይመዝገብ ወደሚለው መዝለል ስሕተት ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው ሲፈትሽ የፈተሸበትን ምክንያት፣ ሲፈልግ የነበረውን ነገርና ያገኘውን ውጤት እንዲጽፍ፣ ተፈታሹም የመዝገቡን ቅጂ የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ደንግጋለች። እነርሱ የዘር ማንነትንም ይጨምራሉ፤ እኛ ያንን እንተወውና የቀረውን እንውሰድ። ሰዓቱና ቦታው፣ የፖሊሱ መለያ ቁጥር፣ የተጠረጠረበት ድርጊት፣ ንግግሩ የተካሄደበት ቋንቋ፣ የመታወቂያው አድራሻ ከአዲስ አበባ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ፣ መጨረሻው ምን ሆነ፤ እነዚህ ከተጻፉ የማንም ብሔር ሳይጠየቅ ጫናው በማን ላይ እንዳረፈ ይታያል። ከዚህ በላይ ጥልቅ ጥናት ሲያስፈልግ፣ ማረፊያ ቤቶችን ያለ ቅድመ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ያለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በናሙና ማጥናት ይችላል፤ የተፈታሹ ስምና ማንነት በፖሊስ መዝገብ ውስጥ ሳይገባ።

የአሜሪካ ማሻሻያ ወንጀልን አበዛ የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። በአሜሪካ የግድያ ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 30 በመቶ መጨመሩ እውነት ነው። ጭማሪው ግን የፖሊስ በጀት በቀነሱትም ባልቀነሱትም ከተሞች፣ በገጠሩም ጭምር የታየ ሲሆን፣ በ2023ና በ2024 ቁጥሩ በከፍተኛ ደረጃ ወርዷል። ይልቁንም ጸሐፊው ሊመልሱት የሚገባው የኒው ዮርክን ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የከተማዋ ፖሊስ 685,724 ጊዜ ሰው አስቁሞ ነበር፤ በ2014 ይህ ቁጥር ከ50,000 በታች ወረደ። በ2011 በከተማዋ ከ500 በላይ ሰዎች ተገድለው ነበር፤ በ2014 ግን የተገደሉት ከ350 በታች ነበሩ። ማስቆሙ ወንጀልን ይከላከል የነበረ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ በተቃራኒው መሆን ነበረበት።

የማሻሻያዎችን ጉድለት መሸሸግ ደግሞ ተገቢ አይደለም። ኒው ጀርሲ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የገንዘብ ዋስትናን አስቀርታለች ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ቀንሳ፣ ዳኞች የተከሳሹን የአደጋ መጠን እየመዘኑ እንዲወስኑ ስታደርግ፣ ከፍርድ በፊት የሚታሰሩት ሰዎች ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ቤታቸው ሆነው ክሳቸውን ተከታተሉ። ውስጥ ከቀሩት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ግን ከግማሽ በላይ እንደሆነ ቀረ። ለእኔ ይህ የሚያሳየው የዋስትናው በር ሲስተካከል የመያዣው በር እንዳለ መቆየቱን ነው፤ መንገድ ላይ ማን እንደሚቆም ሳይነካ ችሎቱን ብቻ ማረም ግማሽ ሥራ ነው። ጸሐፊው ይህን ምሳሌ ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር፤ አላነሡትም።

ፖሊሶቻችን ከየብሔሩ የተውጣጡ ስለሆኑ መድልዎ አይኖርም የሚለው ብዙ የሚያቆይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 በሜምፊስ ከተማ ታይሪ ኒኮልስ የተባለውን ጥቁር ወጣት ደብድበው ለሞት ያበቁት አምስቱ ፖሊሶች ራሳቸው ጥቁሮች ነበሩ። የፖሊስ አባል ማንን እንደሚጠረጥር የሚማረው ከትውልድ ቀዬው ሳይሆን ከጣቢያው፣ ከአለቃውና ከሚወርድለት ትእዛዝ ነው። ከልዩ ልዩ ብሔር አባላትን መመልመል በራሱ ተገቢ ነው፤ የመመሪያና የቁጥጥር ምትክ ግን አይሆንም።

በመጨረሻ ጸሐፊው እንዲህ ያለው ክርክር የፖሊስን ሞራል ይነካል፣ ምዝገባውም ወጪ ያበዛል ብለዋል። ከፖሊስ አባላት ጋር በሥራ የሚገናኝ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዛሬ አንድ ኮንስታብል ሰው ደበደብህ፣ ገንዘብ ተቀበልህ ተብሎ ሲከሰስ ራሱን የሚከላከልበት ጽሑፍ የለውም፤ ምክንያቱንና ሰዓቱን የጻፈ ግን አለው። ወጪውም ቢሆን የተጋነነ ነው። ጣቢያዎች አሁንም የዕለት ሁኔታ መዝገብ ይይዛሉ፤ የሚጠየቀው በዚያ መዝገብ ላይ ጥቂት ዓምዶች እንዲጨመሩና ለተፈታሹ ቅጂ የሚሆን ካርቦን ያለው ጥራዝ እንዲታተም ነው። ሐምሌ 1 በሚጀምረው የበጀት ዓመት በአራዳና በልደታ ክፍለ ከተሞች ባሉ የተወሰኑ ጣቢያዎች ለስድስት ወር ቢሞከር፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ቢሆን፣ ከጸሐፊው ጋር የምንከራከረው በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። ከክፍለ ሀገር በመጡትና በሰፈሩ ልጆች መካከል ፍተሻው ያስገኘው ነገር ተቀራራቢ ሆኖ ከተገኘ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ ከተማችን ፍተሻ ካልሁት አብዛኛው ይወድቃል፤ ተቀራራቢ ካልሆነ ደግሞ ለሚቀጥለው ጽሑፋቸው የሚመልሱት ቁጥር ይኖራቸዋል።